ተላላፊው ሳቅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የአማርኛ የቤት ሥራዋን ይዛ ሶፋው ላይ አጠገቤ ቁጭ አለች። መምህራቸው የሰጧቸው ሥራ አጭር ነው፤ ሐኪም ቤት የሚነገር አንድ ቅጽል ምረጡና ከሕክምና ውጭ ላለ ነገር ተጠቅማችሁ ዓረፍተ ነገር መሥርቱ ይላል። ልጄ የእርሳሷን ጫፍ እየነከሰች ትንሽ አሰበችና፣ እኔን ሳትጠይቅ፣ "የእናቴ ሳቅ ተላላፊ ነው" ብላ ጻፈች። አነበበችልኝ፤ ጎበዝ አልኳት። ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደች። እኔ ግን የያዝኩት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ይህ ቃል ድሮ በልጅነቴ ጌጃ ሰፈር ውስጥ አንዲት ሴት ላይ ምን እንዳደረሰ ልጄ አታውቅም። ነግሬያትም አላውቅም።

ልጅ ሳለሁ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ጥቂት ቤተሰቦች በሚጋሩት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። አባቴ ታደሰ ድሬሰር ነበር። የዛሬ ልጆች ድሬሰር ምን እንደሆነ አያውቁ ይሆናል፤ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ፋሻ የሚጠቀልል ባለሙያ ነው። ሰፈሩ ግን "ዶክተር" ነበር የሚለው። "ኧረ እኔ ድሬሰር ነኝ" ቢልም የሚሰማው አልነበረም። ልጁ ያተኮሰበትም፣ እግሩን ምስማር የወጋውም የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። ከሥራ ሲገባ ዘልዬ አንገቱ ላይ ስጠመጠም ሸሚዙ አልኮልና አዮዲን ይሸታል። ዛሬም መርፌ ልወጋ ስል ክንዴን በአልኮል ሲጠርጉኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የአባዬ አንገት ነው።

አባዬ ከክሊኒኩ ሽታውን ብቻ አልነበረም ይዞ የሚመጣው፤ ቃላቱንም ይዞ ይመጣል። ክረምት ላይ ጣሪያችን ሲያፈስ ቀና ብሎ ያይና "ይሄማ ሥር የሰደደ ነው፤ በአንድ ቆርቆሮ አይድንም" ይላል። ምሳ ከዘገየ አጣዳፊ ረሃብ ይዞታል። እማዬና እህቷ ለረጅም ጊዜ ተኳርፈው የቆዩ እንደሆነ "ያመረቀዘ ኩርፊያ" ብሎ ይሰይመዋል፤ ቶሎ ካልታጠበ ይሰፋል እያለ እማዬን እህቷ ቤት ይልካታል። እኛ ልጆች ተደባድበን እያለቀስን ስንመጣ አገላብጦ አይቶን "ቀላል ጉዳት፤ አልጋ አያሲዝም" ብሎ ይመልሰናል። ግቢው በሙሉ ይህን አነጋገር ለምዶት ነበር። የጨርቅ ኳሳችን ሲተረተር "ድንገተኛ ክፍል ገባች" እንባባል ነበር።

እማዬ አንዳንዴ "አንተ ሰው፣ ነገሩ ሁሉ በሽታ ሆነብህ" ትለዋለች፣ እየሳቀች።

"በሽታ ሆኖብኝ አይደለም" ይላታል። "ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ላይ ሲሠራ የዋለ ቃል ነው፤ እስቲ ቤት ሲገባ ትንሽ ይጫወት።"

ከግቢያችን ወጥቶ ወደ አስፋልቱ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ እትዬ እልፌ ቦንቦሊኖ ትጠብስ ነበር። ሙሉ ስሟ እልፍነሽ ነው። ከጉራጌ አገር በልጅነቷ መጥታ እዚሁ ልደታ ያደገች፣ ባሏ ከሞተ በኋላ አንዲት ሴት ልጇን በዚያች ብረት ድስት የምታሳድግ ሴት ነበረች። ልጇ ሰናይት የእኔ እኩያ ነች፤ አንድ ክፍል ነበርን፣ ዴስካችንም አንድ ነበር። ጠዋት ጠዋት የፈላ ዘይትና የተቦካ ሊጥ ሽታ ገና ከበራችን ሳንወጣ ይቀበለናል። እትዬ እልፌ ሊጡን በጣቷ መሃሉን ትበሳና ዘይቱ ውስጥ ለቀቅ ታደርገዋለች፤ ቅርጹ የተበላሸውን ለእኔና ለሰናይት ታስቀምጥልናለች። ቅርጹ የተበላሸ ቦንቦሊኖ ለምን የበለጠ እንደሚጣፍጥ እስካሁን አልገባኝም። ሆን ብላ ታበላሸው እንደነበር የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ሰፈሩ እትዬ እልፌን የሚያውቃት ግን ከቦንቦሊኖዋ ይልቅ በሳቋ ነው። ስትጀምር ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እንደ ፉጨት ያለ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ትስባለች። ከዚያ ይፈነዳል። ለምን እንደሳቀች የማያውቅ መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ይስቃል። የታክሲ ረዳቶች ከበሩ ላይ ተንጠልጥለው ሲያልፉ "እልፌ፣ እስቲ አንዴ" ይሏታል። ሐዘን የደረሰበት ሰው እንኳ አርባው ካለፈ በኋላ ቀስ ብሎ በዚያ በኩል መንገዱን ያዞራል። አባዬ ሥራ ከመሄዱ በፊት ሁልጊዜ እዚያ ይቆማል። "የዛሬውን መድኃኒቴን ልውሰድ" ይላታል።

የዚያን ዓመት ክረምት ዝናቡ ከባድ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እትዬ እልፌን ሳል ያዛት። አባዬ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ማዳመጫውን ይዞ ቤቷ ገብቶ ጀርባዋን አዳመጠና "ጉንፋን ነው፤ የከሰሉ ጭስ አባባሰው። ትኩስ ነገር ጠጪ፣ ነፋስ ላይ አትቀመጪ" ብሏት መጣ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ነገሩ በዚህ አለቀ ብለን ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት እንደተከፈተ፣ አንድ ጠዋት አባዬ እጄን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ እንደ ልማዱ ጥጉ ላይ ቆመ። እትዬ እልፌ ከጥቂት ደቂቃ በፊት የሆነውን መተረክ ጀመረች። ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ ሰውዬ ቦንቦሊኖ ገዝቶ፣ መንገድ ላይ ይዞ መታየቱ ሳያሳፍረው አልቀረም፣ በወረቀት እንደተጠቀለለ ኮቱ ውስጥ ደረት ኪሱ ከተተው። ገና ከዘይት መውጣቱ ነው። አስፋልቱ ጋ ሳይደርስ ደረቱን ይዞ እየዘለለ ተመለሰ። "እኔም 'ጋሼ፣ ልብዎን ነው ኪስዎን?' አልኳቸው" አለችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰናይት ቦርሳዋን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች። እትዬ እልፌ በመጨረሻ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባትና በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳለች።

አባዬ ረፍዶበት ስለነበር እንባውን እየጠረገ እኔንና ሰናይትን ይዞ መንገዱን ቀጠለ። ትንሽ ወረድ ብሎ የቦኖ ውኃ አለ፤ ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው እትዬ ዘነበች ነበሩ። እትዬ ዘነበች የእድሩን ዕቃ የሚጠብቁ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ሰናይት ጓደኛዋን አይታ ወደፊት ሮጣ ነበር።

"ዶክተር፣ ዛሬ ምን አስረፈደዎት?" አሉት።

አባዬ ሳይቆም፣ ፊቱን ብቻ ወደሳቸው መለስ አድርጎ "እልፌ ናት እንጂ ሌላ ማን ያስረፍደኛል? የእሷ ነገር ተላላፊ ነው፤ አጠገቧ የቆመ አይተርፍም። ልጆቻችሁን አርቁ" አላቸው።

እኔ ሳቋን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አብሬው ስቄያለሁ። ቦኖው ጋ የነበሩት ሴቶች ግን ሳቁን አልሰሙም። የሰሙት ሳሉን ነው። የእትዬ ዘነበች እጅ የጀሪካኑ ክዳን ላይ እንዳለ ቀርቶ ወደ ጥጉ ቀና ብለው ሲያዩ ትዝ ይለኛል። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ወሬው የተዳረሰው ያለ ድምፅ ነው። ማንም ጮክ ብሎ ያወራው የለም። በመጀመሪያ ልጆች ሳንቲማቸውን ይዘው በእትዬ እልፌ ፊት እያለፉ አስፋልቱ ዳር ካለው ሱቅ ብስኩት መግዛት ጀመሩ። ቀጥሎ ትልልቆቹ ሰዎች ቸኩለው ማለፍ አመጡ፤ ሰላምታውን ከሩቅ በእጅ ብቻ አደረጉት። ረፋድ ላይ ያልቅ የነበረው ቦንቦሊኖ ከሰዓት በኋላም ትሪው ላይ ተደርድሮ ይታያል። እትዬ እልፌ ጥሬ ዕቃው መጥፎ የሆነ መስሏት ዱቄቱን ቀየረች። ቀጥሎ ዘይቱን ቀየረች። ትምህርት ቤት ደግሞ ገመድ የምንዘል ልጆች ሰናይት ገመዱን ልትይዝ ስትል "አንቺ አትንኪው፤ እናቴ አትጠጊያት ብላኛለች" አሏት። ሦስት ሆነን የምንቀመጥበት ዴስክ ላይ ሦስተኛዋ ልጅ ቦታ እንዲቀየርላት አስጠይቃ ሄደች። እኔና ሰናይት ሰኞ ማክሰኞ ለሁለት ተጫወትን። ምን ሆነው ነው እንላለን።

እትዬ እልፌ የተረዳችው ለቅሶ ቤት ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ድንኳን ተተክሎ ነበር። እሷ እንደ ልማዷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሳህን ልታጥብ ስትቀመጥ እትዬ ዘነበች በለሆሳስ "አንቺ ተነሺ የኔ ልጅ፤ ደክሞሻል፣ እረፊ" ብለው አስነሷት። ሻይ ሲመጣ ለሌላው ሰው በእድሩ ብርጭቆ፣ ለእሷ ደግሞ ለብቻው በፕላስቲክ ኩባያ ተሰጣት። እማዬ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ነበርና ሁሉንም አይታዋለች። እትዬ እልፌ ኩባያውን አየችው፣ የሰዉን እጅ አየች፣ ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣችውና እግዜር ይስጥልኝ ብላ ኩባያውን ራሷ ይዛው ወጣች።

እማዬ ከለቅሶ ቤት ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ አባዬ ፊት ቆመች። "ታደሰ፣ እልፍነሽ ምን አላት ነው ያልከው?"

"ምንም የላትም። ጉንፋን ነበር፣ እሱም ለቋታል።"

"ቦኖው ጋ ግን ተላላፊ አለባት፣ ልጆቻችሁን አርቁ ብሏል እየተባለ ነው። ከዶክተር አፍ ነው የሰማነው ይላሉ።"

አባዬ መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ፊቱ ላይ ሳቁ ሲጀምር አየሁት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘ። "ሳቋን ነው ያልኩት" አለ፣ ለእማዬ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስል። "ሳቋን ነበር እኮ።"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቦኖው ጋ ቆሞ ለእያንዳንዱ ሰው አስረዳ። እትዬ ዘነበች አንገታቸውን ደፍተው ሰሙትና "እሺ ዶክተር፣ ገብቶናል" አሉ። "ሐኪም የሰው ገመና እንደማያወጣ እናውቃለን። አንዴ በጨዋ ደንብ ነግረውናል፤ እግዚአብሔር ይስጥዎት።"

"እትዬ ዘነበች፣ ውሸቴን አይደለም፤ ሴትዮዋ ደህና ናት።"

"አሜን፣ ደህና ትሁን" አሉ።

አባዬ እውነቱን በነገራቸው ቁጥር እምነታቸው ይብስ ጠነከረ። በሽታ ባይኖር ይህን ያህል ምን አስለፈለፈው አሉ። ጠዋት ጠዋት ጥጉ ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ እያየው ቦንቦሊኖ በላ፤ እኔንም አጠገቡ አቁሞ አበላኝ። "እነሱማ መድኃኒቱን ቀድመው ወስደዋል" ተባለ። እትዬ እልፌን ይዞ ሄዶ ደረቷን ራጅ አስነሳት፤ ንጹሕ ነበር። ፊልሙን እድሩ ስብሰባ ላይ ወደ ብርሃን አንስቶ አሳያቸው። ሰዎቹ በአክብሮት አዩት። ከስብሰባው ሲወጡ ግን አንዱ ለሌላው "ሐኪም ቤት ለሚሠራ ሰው የጤነኛ ሰው ራጅ ማምጣት ምን ያቅተዋል?" ሲል እማዬ ሰምታለች። አባዬ በዕድሜው ሙሉ ያልፈለገው "ዶክተር" የሚለው ስም ያኔ ከላዩ ሊወርድለት አልቻለም። ድሬሰር ነኝ ሲላቸው ያላመኑትን፣ ቀልዴን ነው ሲላቸውም አላመኑትም።

እትዬ እልፌ አንድም ቀን ጮኻበት አታውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ጥጉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ ከብረት ድስቷ ማዶ ቆማ አገኘኋቸው። ዘይቱ ቀዝቅዟል። አባዬ ምን ብሎ እንደነበር አልሰማሁም፤ የሰማሁት የእሷን መልስ ነው።

"ጋሽ ታደሰ፣ ክፋት እንደሌለብዎት አውቃለሁ" አለችው። "ግን ስንት ቃል እያለ ሌላ አጡ?"

አባዬ ከበርጩማው ተነሳ። እጄን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ።

የገና በዓል ከመድረሱ በፊት እትዬ እልፌ ዕቃዋን ጭና ሄደች። ከከተማው ማዶ ዘመድ አላት ተባለ። ጠዋት አንዲት አሮጌ ፒክአፕ መኪና መጥታ በራቸው ላይ ቆመች። ፍራሹን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ብረት ድስቱን እየተሸከመ የጫነው አባዬ ነው፤ የዚያን ቀን ሥራ አልሄደም። እማዬ በርበሬና ሽሮ ቋጥራ ሰጠቻት፤ ተቃቅፈው ቆዩ። ሌላው ሰው በየበሩ ላይ ቆሞ በሩቁ ያይ ነበር። እኔና ሰናይት የግንቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሰናይት "አባትሽ ስለ እኔም ብሏል?" አለችኝ።

"አላለም" አልኳት። "ስለ እናትሽም አላለም። ሳቋን ነው ያለው።"

ራሷን ነቀነቀች። ግን ከጎኔ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ነበር የተቀመጠችው፤ እንዳይተላለፍብኝ ፈርታ ይሁን ተቀይማኝ ይሁን አላውቅም። ሾፌሩ ጠራት፣ ወርዳ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ጠፋ። አባዬ ሥራውን አልተወም፤ የሰፈሩ ሰው በሩን ማንኳኳቱን አልተወም፤ እሱም መክፈቱን አልተወም። ቃላቱን ግን ክሊኒክ ትቷቸው መምጣት ጀመረ። ጣሪያው ሲያፈስ "ጣሪያው ያፈሳል" ይላል፣ በቃ። እማዬ አንዳንዴ ልታነሳሳው ትሞክር ነበር። "ታደሰ፣ ይሄን በር ምን በሽታ ያዘው?" ትለዋለች፣ እንደ ድሮው እንዲመልስላት አይን አይኑን እያየች። "ማጠፊያው ዝጓል፤ ዘይት አደርግለታለሁ" ይላታል። እኔ ያኔ ሰው ሲያረጅ እንደዚህ ዝም የሚል ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳሰላው ግን አባዬ ያኔ ገና ጎልማሳ ነበር፤ እኔ ዛሬ ካለሁበት ዕድሜ ብዙም አይበልጥም ነበር።

እትዬ ዘነበች ከዓመታት በኋላ አንድ የፍልሰታ ጾም ላይ ቤታችን መጡ። እትዬ እልፌ ደህና መሆኗን፣ ልጇም መማሯን ከሰው ሰምተው ነበር። አባዬ ፊት ተቀምጠው ነጠላቸውን እያጠፉ እየዘረጉ "እህቴ በሳንባ በሽታ ስትሞት በሽታው ተላላፊ መሆኑን ደብቀውኝ ነበር" አሉ። "ከአንድ ኩባያ ጠጥተናል፣ ልጄንም አቅፋዋለች። ልጄም አልቆየም። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ሌላውን አይሰማም ዶክተር።"

አባዬ ይህን አያውቅም ነበር። ማናችንም አናውቅም ነበር። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አላቸው። እሳቸው ደግሞ የእኔ ነው አሉት። እማዬ ውኃ አመጣችላቸው። ሁለቱም አብረው ብዙ ተቀመጡ።

ሰፈራችን ከፈረሰ በኋላ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ። እኔ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ፣ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገባሁ፤ እማዬ ካረፈች በኋላ አባዬም ከእኔ ጋር መጣ። ጡረታ ወጥቶ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ አንድ ቀን "እልፍነሽን አግኝልኝ" አለኝ። ብዙ ሰው ጠይቄ ሰናይትን አገኘኋት፤ ጀሞ ነበሩ። በአንድ እሑድ ይዤው ሄድኩ። ደረጃውን ስንወጣ በየመታጠፊያው እያረፈ ነበር።

እትዬ እልፌ ጸጉሯ ነጥቷል፤ ወፈር ብላለች። ገና ሲገባ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ "ጋሽ ታደሰ" አለችና ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል አባዬ ደንግጦ ትከሻዋን ይዞ አስነሳት። ምሳ ቀረበ። ስለ እማዬ አነሳን፣ ስለ ልጆች አወራን፣ ስለ ሰፈሩ ሰው ማን ሞተ ማን አለ ተባለ። አባዬ ንግግሩን ሁለት ጊዜ ጀመረው። "እልፌ፣ ያን ጊዜ..." ሲል እሷ "ይጨምሩ እንጂ፣ ምንም አልበሉም" ትለዋለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ያንን በር እንዲከፍተው አልፈለገችም።

ያኔ አባዬ ለስንት ዓመት ያላደረገውን አደረገ። ጉልበቱን ደባበሰና "ደረጃችሁ ነው የጣለኝ" አላት። "አጣዳፊ ደረጃ ነው። አንደኛው ጉልበቴ ሥር የሰደደ አድማ ላይ ነው፣ ሌላኛውም ከሱ ሳይማር አይቀርም።" ድምፁ የሥራ ቀኑን ጨርሶ ቤት የሚገባው የጥንቱ አባዬ ድምፅ ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ አየሁት።

የእትዬ እልፌ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አባዬ ወደ ፊት ዘንበል አለ፤ የሚመጣውን የሚያውቅ ሰው ነው። እሷ ግን ነጠላዋን አንስታ አፏ ላይ አደረገች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና እዚያው ድምፅ ሳታሰማ ስቃ ጨረሰች። ስትዞር ዓይኗ እርጥብ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ "ይጫወቱ ጋሽ ታደሰ" አለችው።

ሰናይት በኋላ በሩ ላይ ስትሸኘን ነገረችኝ። እናቷ ጌጃ ሰፈርን ከለቀቀች ወዲህ ሰው ፊት የምትስቀው እንደዚያ ነው። አዲሱ ቦታ ቦንቦሊኖ ስትሸጥም ደንበኛ ፊት አፏን ከፍታ አታውቅም። የሰናይት ልጆች አያታቸው ጥርሷን አሟት ይመስላቸው ነበር።

ስንመለስ አባዬ ታክሲ ውስጥ መስኮቱን እያየ መጣ። ሜክሲኮ ስንደርስ ብቻ "አየሻት?" አለኝ። አየኋት አልኩት። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም።

ዛሬ በምኖርበት ፎቅ ላይ ስምንት በር አለ። የጎረቤቶቼን ስም በደንብ አላውቅም፤ ከግድግዳው ማዶ የሚያስለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት እርግጠኛ አይደለሁም። እዚህ አንድ ሰው ጠዋት የተናገረው ቃል ሲመሽም ከበሩ አይወጣም። በአንድ ቃል ምክንያት ማንም ሰው ሰፈሩን ለቆ ሲሄድ አላየሁም። መንገዱን አዙሮ የሰው ሳቅ ሊሰማ የሚመጣም አላየሁም። ልጄ አሳንሰር ውስጥ ከማታውቀው ሰው ጋር ስትገባ ስልኳን ታወጣለች፤ እኔም አወጣለሁ። አንዳንዴ ያ ቃል ያን ያህል የሮጠው እርስ በርሳችን ስለምንደማመጥ ነበር እላለሁ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለማንደማመጥ ነበር እላለሁ።

ሰናይት በበዓል በበዓሉ ትደውልልኛለች። ባለፈው ፋሲካ ስናወራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እማዬ እኮ ወጥ ቤት ብቻዋን ስትሆን ትስቃለች" አለችኝ። "የድሮውን ሳቅ፣ ታስታውሺዋለሽ? ሬዲዮ ከፍታ እየሰማች። ከገባን ታቆማለች። ስለዚህ አንገባም፤ ኮሪደር ላይ ቆመን ነው የምንሰማት። ልጆቹም ተምረዋል፣ አፋቸውን ይዘው አብረው ይስቃሉ።"

አባዬ ይህን ሳይሰማ ሞተ። ቢሰማ ደስ ይለው ይሁን ይበልጥ ይከፋው አላውቅም። ያንን ደረጃ እንደገና በየመታጠፊያው እያረፈ ወጥቶ፣ ከሰናይት ልጆች ጋር ኮሪደሩ ላይ መቆም ብቻ ነበር የሚፈልገው።